መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? እያደር በሚብሰው መልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ የተደረገ ምርምር

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናሠራው አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በሁለት ጣሳ አፈር ውስጥ ባቄላ ይዘራል፤ ሁለቱም እኩል ውኃ ይጠጣሉ፤ አንደኛው በመስኮት አጠገብ፣ ሁለተኛው በጨለማ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየነኩ ልዩነቱን ያያሉ። በጨለማ ያደገው ቀጥኖ፣ ገርጥቶና ተልፈስፍሶ ይገኛል። ምክንያቱ ብርሃን ማጣት ለመሆኑም ማስረጃ አለን፤ ከብርሃን በቀር ሁለቱን ጣሳዎች የሚለይ ነገር አልነበረምና።

ባቄላው ለመጠውለግ ዐሥራ አምስት ቀን ሳይሆን ዐሥራ አምስት ዓመት ቢፈጅበትስ? በመካከሉም አንዳንድ ቀን ቀና፣ አንዳንድ ቀን ጎንበስ የሚል ቢሆንስ? መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ፣ በተለይም እያደር በሚብሰው ዓይነት ላይ መድኃኒት የሚፈትኑ ሐኪሞች የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው። መድኃኒት መፈለጉ ብቻውን ከባድ ሥራ ነው፤ የተገኘው ነገር በእርግጥ መሥራቱን ማወቅ ግን ከዚያ ያልተናነሰ ድካም ጠይቋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ድካም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የበሽታው ጠባይ

በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ካሉት የነርቭ ክሮች ብዙዎቹ ማይሊን በሚባል ቅባትነት ያለው ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስረዳ የኤሌክትሪክ ሽቦና የላስቲክ ሽፋኑን በምሳሌነት እንጠቅሳለን። ምሳሌው ጥሩ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ላስቲኩ ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ እንዳይሾልክ ብቻ ሲከላከል፣ ማይሊን ግን መልእክቱን ያፈጥነዋል። ሽፋኑ በየመካከሉ ክፍተት ስላለው መልእክቱ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። ስለዚህ ሽፋን ያለው ወፍራም ነርቭ በአንድ ሴኮንድ እስከ 100 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ሲኖረው፣ ሽፋን የሌለው ቀጭን ነርቭ ፍጥነት ግን 1 ሜትር ያህል ነው።

በመልቲፕል ስክለሮሲስ ጊዜ ጀርሞችን ይዋጉ ዘንድ የተመደቡት ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ያጠቁታል። የተጠቃው ስፍራ ይቆጣል፤ ሽፋኑ ይላጣል፤ ኋላም ጠጥሮ ጠባሳ ይሆናል። የበሽታው ስም ትርጉምም ‹‹በብዙ ስፍራ መጠጠር›› እንደ ማለት ነው። ፓሪስ በሚገኘው በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1868 የሕሙማኑን ምልክቶች ከሞቱ በኋላ በአንጎላቸውና በሕብለ ሰረሰራቸው ካገኘው ጠባሳ ጋር አያይዞ ይህ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ መሆኑን ገለጸ።

ምልክቶቹ ጠባሳው እንዳረፈበት ስፍራ ይለያያሉ። የዓይን ነርቭ ሲነካ እይታ ይደበዝዛል፤ ሕብለ ሰረሰር ሲነካ እግር ይዝላል ወይም ይደነዝዛል፤ ሽንትን መቆጣጠር ያስቸግራል፤ በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም ይመጣል። በመላው ዓለም በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሲሆን፣ ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ አገሮች ግን ብዙ አይታይም። ይሁንና በሽታውን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው የአንጎል ፎቶግራፍ ማንሻ፣ ኤም. አር. አይ. የሚባለው መሣሪያ፣ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች እንደ ልብ የማይገኝ በመሆኑ፣ የበሽታው ብርቅነት ምን ያህሉ እውነተኛ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ያለመመርመር ውጤት እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

የበሽታው መነሻ ምንድን ነው? በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ካገለገሉ 10 ሚሊዮን ከሚበልጡ ሰዎች የተቀመጠውን የደም ናሙና ተጠቅሞ፣ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ መያዝ በበሽታው የመያዝን ዕድል 32 ጊዜ ያህል እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ አዋቂ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ስለሆነ፣ ቫይረሱ አስፈላጊ ቢሆን እንኳ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም።

ለያዝነው ጉዳይ ዋናው ነገር በሽታው የሚመጣባቸው መንገዶች መለያየታቸው ነው። ከመቶ ሕሙማን 85 በሚሆኑት ላይ በሽታው በመጀመሪያ የሚታየው እየመጣ በመሄድ ነው። ሰውየው ድንገት ይታመማል፤ ከሳምንታት በኋላ ይሻለዋል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያገረሽበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ማገርሸቱ ይቀርላቸውና በዚያ ፈንታ ጉልበታቸው ቀስ በቀስ፣ ሳይመለስ መድከም ይጀምራል። ይህ ሁለተኛው ደረጃ ነው። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ግን ማገርሸት ሳይኖር ገና ከጅምሩ በዚሁ ቀስ ባለ ቁልቁለት ላይ ይገኛሉ።

በመጀመሪያው ዓይነትና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት የሩጫ ብቻ አይደለም። በሚያገረሸው ዓይነት አጥቂዎቹ ሕዋሳት ከደም ሥር ወደ አንጎል ዘልቀው ይገባሉ፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ሳሉ መቅጣት ወይም በር ላይ ማገድ ይቻላል። እያደር በሚብሰው ዓይነት ግን ቁጣው ከተዘጋ በር በስተጀርባ፣ በአንጎል ውስጥ በሠፈሩ ሕዋሳት ይቀጥላል፤ ሽፋናቸው የተላጠ ነርቮችም ለሥራቸው ከበፊቱ የበዛ ኃይል ስለሚያስፈልጋቸው በድካም ብዛት ይሞታሉ። ለሚያገረሸው ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት በ1993 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ሃያ ያህል መድኃኒቶች ተገኝተዋል። እያደር የሚብሰው የያዛቸው ሰዎች ግን የሌሎቹን ዕድል እያዩ ለረጅም ዘመን ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

በስድስት ወር የታየውና በሦስት ዓመት የማይታየው

የመድኃኒት ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ ለማስረዳት ሁላችንም የምናውቀውን ሳንባ ነቀርሳን እናንሣ። በብሪታንያ የተደረገውና በ1948 የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ በ107 ሕሙማን ላይ የተደረገ ነበር። ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝና ማን እንደ ቀድሞው በአልጋ ዕረፍት ብቻ እንደሚታከም የተወሰነው በሐኪሙ ፈቃድ ሳይሆን በዕጣ ነበር። ዕጣ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳይታወቀው ጠንከር ያሉትን ሕሙማን ለሚወደው መድኃኒት ሊመድብ ይችላል። በተጨማሪም መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ለሁሉ የሚበቃ ስላልነበረ ዕጣው ፍትሐዊም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ ካላገኙት 52 ሰዎች የሞቱት 14 ነበሩ። ጊዜው አጭር፣ መለኪያውም ሞትና ሕይወት ስለነበር ክርክር የሚያስነሣ አልነበረም።

በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሰው በስድስት ወር አይሞትም። በሦስት ዓመት ውስጥ እንኳ ምናልባት ያለ ምርኩዝ ይሄድ የነበረው ሰው ምርኩዝ ይይዝ ይሆናል፤ ላይዝም ይችላል። ታዲያ የሚለካው ምንድን ነው? አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ኩርትስኬ በ1955 አንድ መለኪያ አወጣ፤ በ1983 አስፋፍቶ ያሳተመው መለኪያም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መለኪያው ከ0 እስከ 10 ሲሆን በግማሽ ነጥብ ከፍ እያለ ይሄዳል። 0 ማለት ሐኪሙ ሲመረምር ምንም ጉድለት አላገኘም ማለት ነው። 6 ማለት ሰውየው 100 ሜትር ለመሄድ በአንድ ወገን ምርኩዝ ያስፈልገዋል ማለት ነው። 7 ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይመጣል። 10 ሞት ነው።

እኛ መምህራን ይህ መለኪያ ምን ዓይነት ችግር እንዳለበት ለመረዳት ብዙም አይከብደንም። አንድን ድርሰት ለሁለት መምህራን ብንሰጥ አንዱ 14፣ ሌላው 16 ይሰጠዋል፤ ያው መምህር ራሱ ሰኞ ጠዋት ያረመውንና ዓርብ ማታ ያረመውን ቢያስተያይ ሊያፍር ይችላል። ሕሙሙም ቢሆን በሙቀት ቀን ይደክማል፤ እንቅልፍ ያጣበት ሌሊት በማግስቱ እግሩን ይጎትተዋል። ግማሽ ነጥብ በእንዲህ ያለው ምክንያት ብቻ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ከዚህም ሌላ የነጥቦቹ ርቀት እኩል አይደለም። ከ1 ወደ 2 መሄድና ከ6 ወደ 7 መሄድ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ሐኪሙ ብቻ ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን ግን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። ነጥቦቹ እንደ ሜትር ሳይሆን በክፍል ውስጥ እንደሚሰጥ ደረጃ በመሆናቸው፣ ደምሮ በማካፈል አማካይ ማውጣት ብዙ ትርጉም አይኖረውም።

ለዚህ ሁሉ የተገኘው መፍትሔ ሦስት ዘርፍ አለው። አንደኛ፣ ሕሙማኑ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ፤ የአንዱ መልካም ቀን በሌላው ክፉ ቀን እንዲካካስ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ‹‹ብሶበታል›› የሚባለው መባሱ ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ተመርምሮ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን፣ በሕክምና ቋንቋ ፕላሴቦ የሚባለውን ይወስዳሉ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድም ሕሙሙም መርማሪውም አያውቁም። ዝርዝሩ በሌላ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቆያል።

‹‹ታሞ የመጣን ሰው ባዶ ክኒን ማዋጥ ጭካኔ አይደለምን?›› የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባዶ ክኒን መስጠት የሚፈቀደው ሌላ የሚሠራ መድኃኒት በሌለበት ወይም ያለው ሳይነፈግ ነው፤ ሕሙሙም ነገሩ አስቀድሞ ተነግሮት መስማማት አለበት። ይህ ደንብ በ1964 በሄልሲንኪ ከወጣው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር መግለጫ ጋር የተያያዘ ነው። ‹‹ለመሆኑ ባዶው ክኒን የግድ ያስፈልጋልን?›› ለሚለው ግን ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ ቀጥሎ የምንተርከው የባዮቲን ታሪክ ይመልሳል።

የባዮቲን ታሪክ

ባዮቲን ከቢ ቪታሚኖች አንዱ ሲሆን በእንቁላል አስኳል፣ በጉበትና በባቄላ ዘሮች ይገኛል። አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነው። በሕዋሳት ውስጥ ኃይል በማመንጨትና ቅባት በመሥራት ሥራ የሚካፈል በመሆኑ፣ ፈረንሳዊ ሐኪሞች ‹‹በድካም የሚሞቱትን ነርቮች ኃይል ሊሰጥ፣ የተላጠውንም ማይሊን ለመጠገን ሊረዳ ይችላል›› ብለው አሰቡ። ሐሳቡ ከመጽሐፍ የሚስማማ፣ የሚያምርም ነበር። በጣም ከፍተኛ መጠን ለ23 ሕሙማን ሰጡና በ2015 ውጤቱን አሳተሙ። ከአብዛኞቹ ሕሙማን በአንድ ወይም በሌላ ነገር መሻሻል ታየ። ነገር ግን የሚነጻጸር ቡድን አልነበረም፤ ሁለተኛው ጣሳ የለም ማለት ነው።

ሐኪሞቹ ይህን ጉድለት ያውቁ ስለነበር በፈረንሳይ ትክክለኛ ሙከራ አደረጉ። 154 ሕሙማን ተመርጠው፣ ለ103ቱ በቀን 300 ሚሊግራም ባዮቲን፣ ለ51ዱ ባዶ ክኒን በዕጣ ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ባዮቲን ከወሰዱት 13ቱ፣ ማለትም ከመቶ 12.6 የሚሆኑት፣ ተሻሽለው ተገኙ፤ መሻሻሉም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ተረጋገጠ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል ግን አንድም ሰው አልተሻሻለም። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የተደከመው ቁልቁለቱን ለማዘግየት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ወደ ላይ መመለስ የሚቻል መሰለ። ፈረንሳይ ሙሉ ፈቃድ ሳይጠበቅ ባዮቲኑ ለሕሙማን እንዲሰጥ በጊዜያዊነት ፈቀደች። በሌሎች አገሮች ያሉ ሕሙማን ደግሞ ቪታሚን በመሆኑ በገዛ ገንዘባቸው እየገዙ ይወስዱ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ሙከራ መጣ፤ 13 አገሮች፣ 642 ሕሙማን። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ባዮቲን ከወሰዱት 326 ሰዎች የተሻሻሉት 39፣ ማለትም ከመቶ 12 ናቸው። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 316 ሰዎች የተሻሻሉት ግን እንደ ቀድሞው ዜሮ ሳይሆኑ 29 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 9 መሆኑ ነው። በ12 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ ከሚመጣው የሚለይ አልሆነም። መድኃኒቱ ወደቀ።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራን ቆም እንዲሉልን እንፈልጋለን። ባዮቲን የወሰዱት በሁለቱም ሙከራዎች እኩል ተሻሽለዋል። የተለወጠው ባዶ ክኒን የወሰዱት ናቸው። ከመቶ 9 በራሳቸው የሚሻሻሉ ከሆነ፣ ከ51 ሰዎች መካከል 4 ወይም 5 እንዲሻሻሉ ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው ግን ዜሮ ነው። ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልን? 0.91ን በራሱ 51 ጊዜ ብናባዛ 0.008 ያህል ይሆናል፤ ከአንድ ሺህ ጊዜ ስምንት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ብርቅ ነው፣ ግን የማይሆን አይደለም። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ አጋጣሚ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሁለቱ ሙከራዎች ሕሙማንና የመለኪያው ጊዜ ሙሉ በሙሉ አንድ አልነበሩምና። ተማሪዎች ነገሩን በእጃቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። በከረጢት ውስጥ 91 ነጭና 9 ቀይ ቦሎቄ ይከተት፤ አንድ እያወጡ፣ ቀለሙን ጽፈው እየመለሱ 51 ጊዜ ያውጡ። አምሳው የክፍሉ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ይህን ቢያደርጉ አንዱ 8 ቀይ፣ ሌላው 2 ቀይ ሲያገኝ ይታያል። ከረጢቱ ግን ያው ነው።

ባዮቲን ቪታሚን ስለሆነ ‹‹ባይጠቅም አይጎዳም›› የተባለውም ልክ አልነበረም። ብዙ የደም ምርመራዎች በአሠራራቸው ባዮቲንን ስለሚጠቀሙ፣ በደም ውስጥ የበዛው ባዮቲን ውጤታቸውን ያዛባል። ጤነኛ ታይሮይድ የታመመ ይመስላል፤ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ዝቅ ብሎ ጉዳቱን ሊሸፍን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

አንጎል ሳይሟሽሽ፣ እግር ግን ሲደክም

ሁለተኛው ታሪክ የሲምቫስታቲን ነው። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጥ፣ ርካሽና ለዐሥርት ዓመታት የተሠራበት ነው። ለንደን ውስጥ በጄረሚ ቻታዌይ የተመራ ሙከራ 140 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። የተለካው እግር ሳይሆን በኤም. አር. አይ. የታየው የአንጎል መሟሸሽ ነበር፤ በዚህ በሽታ አንጎል ከጤነኛ ሰው ይልቅ በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳልና። በ2014 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ባዶ ክኒን በወሰዱት ላይ አንጎል በዓመት 0.584 በመቶ ሲቀንስ፣ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ላይ የቀነሰው 0.288 በመቶ ነበር። መሟሸሹ 43 በመቶ ያህል ዘገየ ማለት ነው።

እንደ ባዮቲን ሁሉ እዚህም ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ዋጋው ርካሽ መሆኑም ድኻ አገሮችን ጭምር የሚመለከት ነበር። በ964 ሕሙማን ላይ፣ በብሪታንያ፣ ትልቁ ሙከራ ተጀመረ። በዚህኛው የተለካው ሰዎቹ በእርግጥ የሚያስቡለት ነገር፣ ማለትም የአካል ጉዳት መባስ ነበር። ውጤቱ በመስከረም 2024 ኮፐንሃገን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ተነገረ። ሲምቫስታቲን የጉዳቱን መባስ አላዘገየም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሙከራ ውሸት ነበርን? አይደለም። የለካውን በትክክል ለክቷል። ነገር ግን በኤም. አር. አይ. የሚታየው የአንጎል መጠን ለመራመድ፣ ለመጻፍና ለመልበስ ችሎታ ተወካይ እንጂ ራሱ ችሎታው አይደለም። ተማሪ ደብተሩን በንጽሕና መያዙ ትምህርቱን ማወቁን ብዙ ጊዜ ያመለክታል፤ ደብተሩን ያሳመርንለት እኛ ከሆንን ግን ምንም አያመለክትም። ያም ሆኖ ተወካይ መለኪያ ባይኖር፣ እያንዳንዱን ሐሳብ ለመፈተን ሺህ ሰውና አምስት ዓመት ያስፈልግ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ይዘዋል።

የወደቀው የረዳው

ከእነዚህ በፊትም ብዙ ወድቋል። ለሚያገረሸው ዓይነት የሚረዱት ግላቲራመር፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ እያደር በሚብሰው ላይ በተራ ተፈትነው ዋናውን መለኪያ ሳያልፉ ቀርተዋል። ከውድቀቶቹ አንዱ ግን የተለየ ፍሬ ስለነበረው ልንጠቅሰው ይገባል። ሪቱክሲማብ ቢ ሕዋሳት የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያጠፋ መድኃኒት ነው። በ439 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ2009 በታተመው ውጤት በጠቅላላው አልረዳም ተባለ። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ዝርዝሩን ሲያገላብጡ፣ በዕድሜ ወጣት በሆኑትና በአንጎላቸው ገና የሚነድ ቁጣ በታየባቸው ላይ አንድ ምልክት ተመለከቱ።

እንዲህ ያለው ፍለጋ አደገኛ ነው። ፈተና የወደቀ ክፍል ውስጥ በመስኮት በኩል የተቀመጡት ብቻ አልፈዋል ብሎ ለመስኮቱ ምስጋና እንደ መስጠት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ምልክቱን ማስረጃ አድርጎ መድኃኒቱን መሸጥ ሳይሆን፣ ጥያቄ አድርጎ እንደ አዲስ መፈተን ነው፤ የተደረገውም ይኸው ነው። ኦክሬሊዙማብ የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት ዕድሜያቸው ከ55 ባልበለጠ 732 ሕሙማን ላይ ተፈተነ። በ2017 መጀመሪያ ታትሞ በወጣው ውጤት፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 39.3 የሚሆኑት ሲብስባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት የባሰባቸው ከመቶ 32.9 ነበሩ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በአሜሪካ ተፈቀደ። ከጅምሩ እያደር ለሚብሰው ዓይነት የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ‹‹የመባስን ዕድል በ24 በመቶ ቀነሰ›› ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተገኘው መባሱ የደረሰበትን ጊዜ ጭምር በሚያስገባ ስሌት ነው። ይሁን እንጂ 39.3 ሲቀነስ 32.9 የሚሰጠን 6.4 መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። መቶ ሰው ለሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ቢታከም ስድስት ያህሉ ከመባስ ይተርፋሉ፤ ሠላሳ ሦስት ያህሉ መድኃኒቱን እየወሰዱም ይብስባቸዋል። ለስድስቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ድል ብሎ ለመጥራት ገና ነው።

በ2025 ደግሞ ማገርሸታቸው በቆመ የሁለተኛው ደረጃ 1,131 ሕሙማን ላይ የተፈተነው የቶሌብሩቲኒብ ውጤት ታተመ። ይህ መድኃኒት ከተዘጋው በር አልፎ ወደ አንጎል ስለሚገባ በዚያ የሠፈሩትን ቁጡ ሕዋሳት ይደርስባቸዋል። ለስድስት ወር ጸንቶ የተረጋገጠ መባስ የታየው መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ በ22.6፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ በ30.7 ላይ ነበር። ነገር ግን የጥቂት ሰዎችን ጉበት ክፉኛ የጎዳ ሲሆን፣ አንድ ሕሙም ጉበት ከተተካለት በኋላ ሞቷል። በሽታው በዝግታ የሚሄድ፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ግን በሳምንታት ሊደርስ የሚችል ሲሆን ሚዛኑን መያዝ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት ይቻላል።

ከባዮቲንና ከሲምቫስታቲን የተገኘው ትምህርት በሙከራዎቹ አሠራር ላይም ይታያል። በ2023 በብሪታንያ ሕሙማንን መቀበል የጀመረው ሙከራ ኦክቶፐስ ይባላል፤ ብዙ ክንድ ባለው የባሕር እንስሳ ስም ነው። በአንድ ሙከራ ውስጥ ብዙ መድኃኒቶች ከአንድ የባዶ ክኒን ቡድን ጋር ይነጻጸራሉ፤ በመጀመሪያ የገቡት ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚንና አልፋ ሊፖይክ አሲድ ነበሩ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የአንጎል መሟሸሽ ይለካል። ነገር ግን ያ ልኬት ማለፊያ በር ብቻ ነው፤ በሩን ያላለፈ መድኃኒት ይወጣና በስፍራው ሌላ ይገባል፤ ያለፈው ደግሞ በአካል ጉዳት መለኪያ እስኪፈተን ድረስ ‹‹ሠራ›› አይባልም።

በመጨረሻም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። የኩርትስኬ መለኪያ ከመካከሉ በላይ ሲደርስ የሚለካው ከሞላ ጎደል መራመድን ስለሆነ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ሕሙማን ‹‹የሚለካ ነገር የላቸውም›› ተብለው ከአብዛኞቹ ሙከራዎች ውጭ ይቀሩ ነበር። እነርሱ ግን ማንኪያ የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ወንበሩን የሚገፋ እጅ አላቸው፤ ያም እጅ እንዳይደክም መድኃኒት ይሻሉ። ስለዚህ የእጅን ችሎታ ዋና መለኪያ ያደረጉ ሙከራዎች ተጀምረዋል።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳና ዘጠኝ ትንንሽ እንጨቶች ናቸው። ተፈታኙ በአንድ እጁ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ይሰካል፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይነቅላል፤ የፈጀበት ጊዜ በሴኮንድ ይመዘገባል፤ ከዚያም በሌላው እጅ ይደገማል። በእጅ ሥራ ክፍል ከጣውላ ቁራጭ ሊሠራ የሚችል ነው። ተማሪዎች በሁለቱም እጃቸው፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ አንዱን ቀን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ አድርገው ይለኩና ስድስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ማንም ሳይታመም፣ ማንም መድኃኒት ሳይወስድ፣ ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያያሉ።